አጥፍቶ ማብራት የማይፈታው፦ የቤት ኮምፒውተር ራም ጥገና ማስታወሻ

ኅዳር 6 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

ዕቃው፦ ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ3፣ 8 ጊጋ ዲዲአር3 ራም (4 ሲደመር 4)፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ባለቤቴ የሦስት ሱቆችን ሒሳብ ይዛ ቤት ውስጥ በፒችትሪና በኤክሴል ትሠራበታለች። ልጃችን ማታ ማታ ቪዲዮ ያይበታል፤ እሱ እንደሚለው የትምህርት ቤት ሥራ ነው።

ከጥቅምት መጨረሻ ወዲህ ስታክ ማድረግ አብዝቷል። ጠዋት ሲከፈት እንኳ ከቀን ወደ ቀን እየዘገየ ነው። ኤክሴል ሲከፈት ሃርድ ዲስኩ ሳያቋርጥ ያንኳኳል። ዛሬ ከቁርስ በኋላ ቁጭ አልኩበት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማናጀርን (የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እንደሚጠቀም የሚያሳየውን መስኮት) ስከፍት ሜሞሪ፣ ማለትም ራሙ፣ 91 በመቶ ተይዟል ይላል። ክፍት የነበሩት ብራውዘርና ፒችትሪ ብቻ ናቸው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ብራውዘሩን ነው። 23 ታብ ተከፍቶ ነበር። ሁሉንም ዘጋሁ፣ ማን እንዳስገባቸው የማይታወቁ 4 ኤክስቴንሽኖች አጠፋሁ፣ ስታርትአፕ ላይ የተሰለፉትን ፕሮግራሞች ከሁለቱ በቀር ዲስኤብል አደረግሁ። 91 የነበረው 78 ሆነ። ምንም ያልተከፈተበትን ኮምፒውተር 78 በመቶ ምን ይዞት ነው? ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ደመርኩት። የፕሮሰሶቹ (በሥራ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች) ሁሉ ድምር 2 ጊጋ አይሞላም፤ ታስክ ማናጀር ግን 6.2 ጊጋ ተይዟል ይላል። ልዩነቱ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አድርጌ ወደ ሌላ ሄድኩ። እዚያው ብቆም ኖሮ አንድ ወር ይተርፈኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ራም አጽጂ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ጫንኩ። ቁልፉን ስጫን 78 ወደ 60 ወረደ፣ ደስ አለኝ፣ ከሦስት ደቂቃ በኋላ እዚያው ነበር። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ሌሎቹ ራም ላይ የያዙትን አስገድዶ ማስወጣት ነው፤ ኤክሴልን ስትነካው የተባረረው ሁሉ ከዲስክ ይመለሳል። ቁጥሩ ያምራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ይብሳል። ከነማስታወቂያው አወጣሁት።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ሌሊቱን ፉል ስካን ሲያደርግ አደረ፤ ቫይረስ የለም።

ሲስሜይን የሚባለውን ሰርቪስ አስቆምኩ፤ ድሮ ሱፐርፌች ይባል የነበረው ነው። ብዙ የምንጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች አስቀድሞ ራም ላይ እያመጣ የሚያስቀምጥ ስለሆነ ጥፋተኛው እሱ ነው ብዬ ነበር። ያ የሚያስቀምጠው ግን ስታንድባይ በሚባለው የተጠባባቂ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሌላ ፕሮግራም ሲፈልግ ወዲያው ይለቀቃል፣ ታስክ ማናጀርም እንደተያዘ አይቆጥረውም። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

እግረ መንገዴን ፔጅ ፋይሉን (ራም ሲጠብ ዊንዶውስ ዲስክ ላይ የሚጠቀምበትን ቦታ) ወደ 2 ጊጋ ዝቅ አድርጌ ቋሚ አደረግሁት። ሃሳቤ ዲስኩ ትንሽ እንዲያርፍ ነበር። ዊንዶውስ ሪስታርት አድርግ አለኝ፣ አደረግሁ።

29 በመቶ! ኤክሴል ብልጭ ብሎ ተከፈተ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «እስቲ ሳምንት ይቆይ» ብላ ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ሳምንት አልቆየም። ስደርስ 76 በመቶ ላይ ነበር። ይባስ ብሎ ቀን ላይ የሦስተኛውን ሱቅ የደመወዝ ሠንጠረዥ እየሠራች ሳለ ኤክሴል «በቂ ሜሞሪ የለም» ብሎ ተዘግቶባታል። የአንድ ሰዓት ሥራ ሄደ።

ይህ የኔ እጅ ሥራ ነው። ዊንዶውስ ለፕሮግራሞች ቃል መግባት የሚችለው ራሙና ፔጅ ፋይሉ ተደምረው እስከሚያክሉት ድረስ ነው፤ ታስክ ማናጀር ላይ ኮሚትድ የሚለው ቁጥር ይህንን ያሳያል። ፔጅ ፋይሉን 2 ጊጋ ሳደርገው ጣሪያውን ወደ 10 ጊጋ አወረድኩት። ዲስክ ለማሳረፍ ብዬ የሚስቴን ሥራ አጠፋሁ። «ሲስተሙ ራሱ ይወስን» ወደሚለው መለስኩት፣ ሪስታርት፣ 30 በመቶ። ችግሩ ፔጅ ፋይሉ ነበር ማለት ነው ብዬ ተኛሁ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

88 በመቶ።

የምናውቀው ቴክኒሽያን ጋር ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ዊንዶውስ 10 እኮ ድጋፉ ቆሟል፣ ለዛ ነው። አምጣውና ፎርማት አድርጌ 11 ልጫንልህ» አለኝ። ድጋፉ የቆመው ጥቅምት 4 ነው፣ እኛ ላይ ችግሩ የታየውም ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀኑ ይገጥማል። ግን ድጋፍ ቆመ ማለት የደኅንነት ማስተካከያ አይመጣም ማለት እንጂ ራም መብላት ይጀምራል ማለት አይደለም። 11ዱ ደግሞ 4ኛ ትውልድ ፕሮሰሰርን በደንቡ አይቀበልም፤ ከኢንቴል የሚጀምረው ከ8ኛው ነው። የፒችትሪውን ዳታ ይዤ ፎርማት መግባትም አልወደድኩም።

ባለቤቴ ሌላ ተጠርጣሪ አላት፦ ዩፒኤሱ። ጥቅምት 8 ቀን ነው የገዛነው። «እሱ ከመጣ ወዲህ ነው። ድሮ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንዴት ይፈጥን ነበር!» አለች። ዩፒኤስ ባትሪ ነው፣ ከራም ጋር አይተዋወቅም አልኳት። በጣም እርግጠኛ ሆኜ ነው የተናገርኩት።

ራም ለመጨመር ወሰንኩ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

መገናኛ ወረድኩ። ማዘርቦርዱ ሁለት ስሎት ብቻ ስላለው አንዱን 4 አውጥቼ 8 ላስገባ ነው። አንዱ ሱቅ ያገለገለ 8 ጊጋ ዲዲአር3 3,600 ብር አለኝ፣ ሌላው 1,700። ባለ 1,700ውን ገዛሁ፤ ርካሽ የሆነበትን ምክንያት አልጠየቅሁም።

ቤት መጥቼ የኮምፒውተሩን ሣጥን ፈታሁ፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ፣ የነባሩን ራም ወርቃማ ጥርሶች በላጲስ አሸሁ፣ አዲሱን ሁለቱ ጆሮዎች ቀጭ እስኪሉ ተጭኜ አስገባሁ። ስከፍተው ምስል የለም፣ ጡሩምባ ብቻ። ቦታ ቀያየርኩ፣ ለብቻውም ሞከርኩት፣ ያው ጡሩምባ ነው። መጨረሻ ላይ ራሙን ገልብጬ በስልኬ መብራት አየሁት። በእያንዳንዱ ፊት ላይ የተደረደሩትን ቺፖች ስቆጥር 8 መሆን ሲገባው 9 ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ለየት ያለች ቺፕ ተቀምጣለች። የሰርቨር ራም ነው፣ ሬጂስተርድ ኢሲሲ የሚባለው። እርዝመቱም፣ ማስገቢያ ክፍተቱም፣ 240 ጥርሱም ከዴስክቶፑ ጋር አንድ ስለሆነ ይገባል። የቤት ማዘርቦርድ ግን አያነሳውም።

ለሚገዛ ሰው፦ ተለጣፊው ላይ ከፒሲ3 ቁጥር መጨረሻ የእንግሊዝኛዋ አር ፊደል ካለች ለቤት አይሆንም፤ ዩ ያለበትን ፈልጉ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

በምሳ ሰዓት ሄጄ ለወጥኩ። ሻጩ አልተከራከረም፣ 1,900 ብር ጨምሬ ባለ ዩውን ወሰድኩ። ማታ ገጠምኩት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ተነሳ። 12 ጊጋ፣ የተያዘው 22 በመቶ። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭኜ ለማሳደር አስቤ ነበር፣ ድካሙ በለጠኝ፤ የዊንዶውሱን የራሱን ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ አስጀምሬ እራቴን በላሁ። ስህተት የለም፣ ዊንዶውስም ተመልሶ ተነሳ።

ልጄ «አባዬ፣ አሁን ጌም ይችላል?» አለኝ። አይችልም አልኩት።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ዛሬ 52 በመቶ። ከ12 ጊጋ 52 በመቶ ማለት ከ6 በላይ ነው፤ የፕሮሰሶቹ ድምር አሁንም 2 ገደማ። 5,000 ብር ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት (ራሙ 3,600፣ ታክሲና የማይረባ ምሳ ሲጨመር) የገዛሁት ቀን ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም። ቀድሞ በሳምንት የሚሞላው አሁን በሁለት ሳምንት ይሞላል።

ኅዳር 6 ቀን የጻፍኳትን የጥያቄ ምልክት ፈልጌ አገኘኋት። በዚህ ጊዜ ታስክ ማናጀር ላይ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ የሚለውን ገጽ ከፍቼ ከታች ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች አነበብኩ። ኖን-ፔጅድ ፑል፦ 2.8 ጊጋ።

ይሄ ነው። ኖን-ፔጅድ ፑል ከርነሉ (የዊንዶውስ እምብርት) እና ድራይቨሮቹ (ዊንዶውስን ከየዕቃው ጋር የሚያገናኙት ፕሮግራሞች) የሚጠቀሙበት፣ ምንም ቢሆን ወደ ዲስክ የማይወጣ የራም ክፍል ነው። የፕሮሰሶች ዝርዝር ውስጥ በማንም ስም አይመዘገብም፣ ስለዚህ ብደምር ብደምር አላገኘውም። በእንዲህ ያለ የቤት ማሽን 200 ሜጋ አካባቢ ቢሆን ደግ ነው። 2.8 ጊጋ ማለት አንድ ድራይቨር እየወሰደ አይመልስም ማለት ነው። ከማይክሮሶፍቱ ሲስኢንተርናልስ ራምማፕ የምትባለውን መሣሪያ አውርጄ አረጋገጥኩ፤ ትንሽ ፋይል ናት፣ መጫን አትፈልግም፣ ራሙን በቀለም ከፋፍላ ታሳያለች። ኖን-ፔጅዱ ከሁሉም ረዝሞ ተጋድሟል።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ማታ ማታ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ጠፍቶ የተነሳ ራም እንዴት የትናንቱን ይዞ ይነሳል?

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ባለቤቴ የሒሳብ ሰው ናት፣ ሁሉን ትጽፋለች። ጠዋት ደብተሯን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። ከመስከረም ጀምሮ መብራት የጠፋባቸውን ቀናት ይዛለች፤ ለደንበኞቿ ሥራ የዘገየበትን ለማስረዳት ነው የጻፈችው። መስከረም ላይ ሰባት ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ እስከ 8 ድረስ ሁለት ጊዜ ሥራ መሐል ድርግም ብሏል። «እነዚህን ቀናት አስታውሳቸዋለሁ፣ ሲመጣ ይፈጥን ነበር» አለች። ዩፒኤሱ ከገባ በኋላ መብራት ሲጠፋ አሥር ደቂቃ ታገኛለች፣ ሥራዋን ሴቭ ታደርጋለች፣ በሥርዓቱ ሻት ዳውን ትላለች።

በሥርዓቱ።

ታስክ ማናጀርን ከፍቼ ሲፒዩ ገጽ ላይ አፕ ታይም (ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው) የሚለውን አየሁ። ኮምፒውተሩ ከተነሳ ግማሽ ሰዓት አልሞላውም። አፕ ታይሙ ግን 11 ቀን ከ13 ሰዓት ይላል። ወደ ኋላ ስቆጥር ኅዳር 22 ማታ፣ ራሙን የቀየርኩ ዕለት ላይ ይወድቃል። እንደ ዊንዶውስ አቆጣጠር ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ አያውቅም።

ነገሩ ፋስት ስታርትአፕ ነው። ሻት ዳውን ስትለው ፕሮግራሞቹን ይዘጋል፤ ከርነሉንና ድራይቨሮቹን ግን እንዳሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ጽፎ ይተኛል፣ ጠዋት ከዚያው አንብቦ ይነሳል። የተከማቸው ፑልም አብሮ ተጽፎ አብሮ ይመለሳል፤ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ የሚዘገየውም ይህንኑ ጭነት ከሃርድ ዲስክ ሲያነብ ነው ብዬ እገምታለሁ። ሪስታርት ሲባል ግን ከርነሉ ከዜሮ ይጀምራል። መብራት ድርግም ሲልም እንዲሁ፣ ለመጻፍ ጊዜ ስለማያገኝ።

ለማረጋገጥ ሞከርኩት፦

ሻት ዳውን አድርጌ ሳበራው ኖን-ፔጅድ 3.9 ጊጋ። ሪስታርት ሳደርገው 187 ሜጋ።

አንድ ወር ሙሉ «አጥፍተሽ አብሪው» ስላት የነበረው ምንም አልሠራም ማለት ነው። እኔ «ፈታሁት» ያልኩበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ ሪስታርት ያስፈለገበት ጊዜ ነው። ሲስሜይንን ያስቆምኩ ዕለት ሪስታርት። ፔጅ ፋይሉን የመለስኩ ዕለት ሪስታርት። ራም ሲቀየርም የተጻፈው አይመጥንም፣ ከዜሮ ይነሳል። ቴክኒሽያኑም ሳያውቀው ግማሹን አግኝቶት ነበር፦ ወርኃዊው አፕዴት በየወሩ አስገድዶ ሪስታርት ያስደርገን ነበር፣ ከጥቅምት በኋላ እሱም ቀረ። ዩፒኤሱን ይቅርታ የጠየቀው የለም፤ ይልቅ ባለቤቴ «አልኩህ አላልኩህም?» ብላ ቡናውን አፈላች። አለችኝ፣ እውነት ነው።

ፋስት ስታርትአፕን አጠፋሁ፦ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ የፓወር ቁልፎች ምን ይሥሩ የሚለው ውስጥ ገብቶ፣ መጀመሪያ የተቆለፈውን ማስተካከያ መክፈት ይጠይቃል፣ ከዚያ ምልክቱን ማንሳት። አሁን ለመነሳት 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ሃርድ ዲስክ ነውና። ፋስት ስታርትአፕን ማጥፋት ሳይፈልግ ለአንድ ቀን ብቻ የሚሞክር ሺፍትን ይዞ ሻት ዳውን ይበል።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ትናንት የተደረገው ቁስሉን መሸፈን ነው፣ የሚደማው አሁንም ይደማል። ድራይቨሩን መያዝ አለብኝ።

ፑልሞን የምትባል መሣሪያ አለች፣ ድራይቨር ለሚጽፉ ሰዎች ከሚሰጠው ጥቅል ጋር የምትመጣ። ጥቅሉን ላለማውረድ ጓደኛዬ ጋር ያለችውን በፍላሽ አመጣሁ። በአድሚኒስትሬተር ነው የምትከፈተው። ጥቁር መስኮት ናት፤ የፒ ፊደልን እየተጫኑ ኖን-ፔጅዱን ብቻ ማስቀረት፣ ቢን ተጭኖ በባይት ብዛት መደርደር። እያንዳንዱ መስመር አራት ፊደል ያላት ታግ አለው፣ ቀጥሎ ስንት ጊዜ እንደወሰደ፣ ስንት ጊዜ እንደመለሰ፣ ልዩነቱ።

ልጄ ቪዲዮ እንዲያይ ፈቀድኩለት፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ለሥራ ተፈለገ። አንዷ መስመር ከዝርዝሩ መሐል ተነስታ ወደ ላይ መውጣት ጀመረች። የወሰደችው ቁጥር በየሰከንዱ ይዘላል፣ የመለሰችውም ይዘላል፣ ግን መመለሱ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ልዩነቱ 11,000፣ 11,040፣ 11,095። ቪዲዮውን ፖዝ አድርግ አልኩት። ቆመ። ቀጥል አልኩት። ቀጠለ። ከኔትዎርክ ጋር የተያያዘ ነው።

ፋይንድስትር በሚለው ትእዛዝ ሲስተም32 ሥር ያለው የድራይቨርስ ፎልደር ውስጥ ያን አራት ፊደል የያዘውን ፋይል ፈለግሁ። ሁለት ፋይል ወጣ፤ አንዱ በቀጥታ የዋይፋይ ዶንግሉ (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካው የዋይፋይ መቀበያ) ነው። መስከረም መጀመሪያ ራውተሩ ሳሎን ሲገባ በ950 ብር የገዛኋት፣ ከትንሽ ሲዲ ጋር የመጣች። የሠሪዋን ስም አልጽፍም፤ አንድ ዶንግል ይዤ ስለሁሉም መናገር አልችልም።

በፋይል ስም ብቻ ላለመፍረድ ከመሥሪያ ቤት 15 ሜትር ኬብል ተውሼ ነበር፣ በኮሪደሩ ዘረጋሁት። 45 ደቂቃ በኬብል፣ ያው ቪዲዮ፦ ፑሉ 3 ሜጋ ጨመረ። 45 ደቂቃ በዶንግል፦ 64 ሜጋ። ዶንግሏን ስነቅላት ማደጉ ቆመ፣ የወሰደችው ግን አልተመለሰም። ሪስታርት እስኪደረግ ድረስ ያ ራም የማንም አይደለም።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ድራይቨሩን ከዲቫይስ ማናጀር አንኢንስቶል አድርጌ ዶንግሏን መልሼ ሰካሁ። ያው ድራይቨር፣ ያው ቨርዥን ተመልሶ መጣ፤ ፋይሉ ዲስክ ላይ ስለነበረ። አንኢንስቶል ሲባል «የዚህን ዕቃ ድራይቨር ሶፍትዌርም አጥፋ» የምትል ሳጥን አለች፣ እሷን ምልክት ማድረግ ረስቼ። ሁለተኛ ጊዜ አድርጌ፣ በኬብሉ ኢንተርኔት ይዤ፣ ዊንዶውስ ራሱ የሚያመጣውን ድራይቨር እንዲያወርድ አደረግሁ። ቀኑ ከሲዲው በአራት ዓመት ያረጀ ነው። ፍጥነቱ ከ38 ሜጋ ቢት ወደ 31 ወረደ። ተስማማሁ።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ፣ ገብርኤል

ለፈተናው ስል ፋስት ስታርትአፕን ሆን ብዬ መልሼ አብርቼ ነበር፣ 11 ቀን ሙሉ ሪስታርት እንዳይደረግ ለቤቱ ሁሉ አስጠንቅቄ። ማታ ማታ የምጽፈው ቁጥር፦ 184፣ 191፣ 190፣ 203፣ 198፣ 196፣ 201፣ 199፣ 204፣ 197፣ 202 ሜጋ። ዛሬ አፕ ታይሙ 11 ቀን ሲል የተያዘው ራም 27 በመቶ፣ ፒችትሪና ብራውዘር ተከፍተው።

ሲስሜይንን ወደ ቦታው መለስኩት። ፋስት ስታርትአፕን ግን ዳግመኛ አጠፋሁ። ኬብሉ ነገ ወደ መሥሪያ ቤት ይመለሳል።

ከስሎቱ የወጣችው 4 ጊጋ ራም ኪሳራዬ ናት፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳት። የባለቤቴ ደብተር ላይ፣ የኅዳር ወጪ ዝርዝር ውስጥ፣ «ራም 3,600» የሚለው መስመር አጠገብ አንዲት የጥያቄ ምልክት አይቻለሁ። የኔ እጅ ጽሑፍ አይደለችም።